ሰኔ በከዚራ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ግንቦት ሲጋመስ ቀና ብሎ መሄድ ይጀምራል። ሙቀቱ የሚብሰው ያን ጊዜ ነው፤ አስፋልቱ ይለሰልሳል፣ የቆርቆሮ በር በባዶ እጅ አይነካም፣ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ግድግዳ ሥር ያለከልካሉ። ሌላው ተክል ቅጠሉን ሰብስቦ ዝናብ ሲጠብቅ፣ በጋውን ራቁቱን የከረመው የድሬዳዋ ዛፍ ግን አበባ ለማውጣት የሚመርጠው ይህንኑ ወቅት ነው። መጀመሪያ አንዲት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀይ ብቅ ትላለች። ብዙም ሳይቆይ ዛፉ ከዳር እስከ ዳር ይቀላል። ሰኔ ሲገባ የከዚራ ሰፈር መንገዶች ከላይም ከታችም ቀይ ናቸው፤ ከላይ ያበበው፣ ከታች የረገፈው።

እኔ የማስታውሳት ድሬዳዋ አብዛኛዋ በዚህ ዛፍ ጥላ ሥር ያለች ናት። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ቤታችንም ከለገሃሩ፣ ከባቡር ጣቢያው፣ ብዙ የማይርቅ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው በእንጨት ፍርግርግ የተከለለ አሮጌ ቤት ነበር። ከግቢው በር አጠገብ አንድ የድሬዳዋ ዛፍ ነበረን። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም፤ አባቴ ቤቱን ሲረከብ ዛፉ ትልቅ ነበር። ቁመቱ ከጣሪያችን እምብዛም አይበልጥም፤ ስፋቱ ግን ግቢውን ሸፍኖ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ መንገዱን እስከ እኩሌታው ይደርስ ነበር። የዚህ ዛፍ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ወደ ላይ 10 ወይም 12 ሜትር ገደማ ከሄደ ይበቃዋል፣ ወደ ጎን ግን ከቁመቱ አብልጦ ይዘረጋል። ስለዚህ ጥላው የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ዛፉ የእኛ ነበር፣ ጥላው የሰፈሩ።

ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ሲሆን ከተማው ይዘጋል። ሱቁም ቢሮውም በሩን ገርበብ ያደርግና እስከ 9 ሰዓት ሰው የለም። ቤት ያለው ቤቱ ይተኛል። መንገድ ላይ የዋለ ሰው ግን የት ይሂድ? ከእኛ አጥር ውጭ፣ በጥላው ልክ፣ ሁልጊዜ ሰው ነበር። ባለጋሪው ፈረሱን ፈትቶ ያሳርፋል። ከቀፊራ ገበያ የምትመለስ የሶማሌ ወተት ሻጭ ባዶ ዕቃዋን አስቀምጣ ሻሿን ታራግባለች። ከገጠር ጊሽጣና ዘይቱን ይዛ የወረደች የኦሮሞ እናት ቅርጫቷን እርጥብ ጨርቅ አልብሳ እዚያው ጋደም ትላለች። ሊስትሮዎቹ በጠጠር ይጫወታሉ። አንዱ በኦሮምኛ የጀመረውን ነገር ሌላው በሶማሊኛ ይቀጥለዋል፤ ሦስተኛው በአማርኛ ይስቅበታል። ማንም ይህን እንደ ልዩ ነገር አያየውም። ልጅ ሆነን እኛም «ወሪያ!» ብለን እንጠራራለን፤ የማን ቋንቋ እንደሆነ አስበን አናውቅም ነበር።

እናቴ በዚያ ሰዓት ጆግ ሙሉ ውኃ ይዛ ወደ በሩ መውጣት ልማዷ ነበር። አዲስ መንገደኛ ከሆነ ይሽኮረመማል።

«እናቴ፣ ትንሽ ልረፍበት?»

«ዕረፍ ልጄ፤ ጥላው የእግዜር ነው። ውኃ ጠጣ መጀመሪያ።»

እንግዳው ጠጥቶ ሲጨርስ ጆጉን በሁለት እጁ ይመልሳል፤ «አላህ ይስጥልኝ» ይላል ወይ «እግዜር ይስጥልኝ»። እናቴ ለሁለቱም «አሜን» ትላለች። ዛሬ ድሬዳዋ የፍቅር ከተማ ናት ሲባል በየመድረኩ እሰማለሁ። እኔ ይህን አባባል ስሰማ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ጆግ ነው። ፍቅሩ ቦታ ነበረው፤ ሰዎች ሳይጋበዙ፣ ሳይከፍሉ፣ ማንነታቸው ሳይጠየቅ አብረው የሚቀመጡበት ጥላ ነበረው።

ዛፉ ትውልዱ የእኛ አገር አይደለም። በዱር የሚበቅልበት ቦታ በዓለም ላይ ማዳጋስካር ብቻ ነው፤ በተለይ በደሴቲቱ ምዕራብና ሰሜን ባለው ደረቅ ጫካ። በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ቬንሴስላስ ቦየር የተባለ የቦሄሚያ ተወላጅ የዕፅዋት ሊቅ ደሴቲቱ ላይ አገኘው፤ ከዚያ ዘሩ ሞሪሺየስ ተሻገረ፤ ከዚያም ወዲህ በረዶ በማያውቅ አገር ሁሉ፣ ከሕንድ እስከ ካሪቢያን፣ ሰው ለጥላውና ለአበባው ብሎ ተክሎታል። ኢትዮጵያ ውስጥም በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በአርባ ምንጭ አለ። ነገር ግን በየትኛውም ከተማ ያየው ሰው የሚጠራው በእኛ ከተማ ስም ነው፤ የድሬዳዋ ዛፍ። አዲስ አበባ ተማሪ ሆኜ ይህን ስሰማ ልቤ ይሞቅ ነበር። ዛፉ አገር ቤት የሚበቅል የሥጋ ዘመድም አለው። በምሥራቁ ቆላ፣ ግራር በሚበዛበት ደረቅ ሜዳ ላይ፣ አበባው ነጭ ሆኖ ሲያረጅ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዛፍ አለ። አርብቶ አደሩ ያውቀዋል፤ የከተማ ሰው ግን ቀዩን እንጂ ነጩን ልብ ብሎት አያውቅም። ለዚህ ነጩ ዛፍ አዝናለሁ፤ እሱም ጥላና ውበት አለው፣ የደረቅ አገር ልጅ ስለሆነም የውኃ እጥረት ይችላል።

ድሬዳዋ ራሷ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ ሲፈቅዱ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር ሐሳቡ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ግን ከባድ ሆነ፤ ወጪው አልተቻለም። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ሥር፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ ደረሰና ቆመ። ሜዳው መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ በኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ከዚያ የባቡሩ ኩባንያ ከስሮ ሥራው ለዓመታት ስለቆመ ድሬዳዋ የሐዲዱ መጨረሻ ሆና ቆየች፤ አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ መሐል ነው ከዚራ የቆመችው። መሐንዲሶቹ መንገዱን ከለገሃሩ እያስነሡ ቀጥ አድርገው አሰመሩት፤ ለእግረኛ ቦታ ተዉ፤ ለዛፍም ቦታ ተዉ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው የመጋላ ሰፈር ሌላ ዘዴ አላት፤ መንገዷ ጠባብ፣ ግንቧ ረጅም ስለሆነ ጥላዋን ከግንቡ ታገኛለች። ከዚራ ግን መንገዷ ሰፊ ነው፤ ሰፊ መንገድ በድሬዳዋ ፀሐይ ያለ ዛፍ አይታሰብም።

አበባውን ቀርቦ ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ ከሩቅ የሚታየው ቀይ ብዛቱ ስለሚበቃው ይሆናል። እኛ ልጆች ግን ከመሬት እያነሣን አንድ በአንድ እናውቀው ነበር። አምስት የአበባ ቅጠል አለው። አራቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ደማቅ ቀይ፣ ጫፋቸው ሰፊና የተጨማደደ፣ ሥራቸው ቀጭን። አምስተኛዋ ግን ትለያለች፤ ከሌሎቹ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ መሐሏ ነጭና ቢጫ ሆኖ በቀይ ነጠብጣብና መስመር የተሞላ ነው። ሙሽራ እንላት ነበር። ሙሽራዋ ሳትቀደድ ያለችበትን አበባ ያገኘ ልጅ ለዚያ ቀን አለቃ ነው። ከመሐል የሚወጡት 10 ቀጫጭን ክሮች ጫፋቸው ላይ ዱቄት አለ፤ እሱን አፍንጫችን ላይ እንቀባባለን። አበባውን ከውጭ የሚያቅፈው ሽፋን ውጩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ቀይ ነው። ሴቶቹ ልጆች እሱን በጥንቃቄ ይገነጥሉና በምራቅ አርጥበው ጥፍራቸው ላይ ይለጥፉታል፤ ረጅም ቀይ ጥፍር ይሆናል። ትምህርት ቤት ከመግባታችን በፊት መምህሯ እንዳታየው አራግፈውት ይገባሉ።

ቅጠሉም የራሱ ነገር አለው። አንዱ ዘንግ ላይ ሌሎች ትናንሽ ዘንጎች፣ በእነሱም ላይ ከጣት ጥፍር የሚያንሱ ደቃቅ ቅጠሎች በብዙ ይደረደራሉ። ፀሐይ ስትገባ እነዚያ ደቃቆች ይከደናሉ። በሙቀቱ ምክንያት አልጋ አውጥተን ግቢ ስናድር፣ ቀን ሰማይ የማያሳየን ዛፍ ማታ በቅርንጫፎቹ መሐል ኮከብ ያሳየን ነበር። አባቴ ተረኛ ባልሆነባቸው ሌሊቶች ጀርባው ላይ ተኝቶ ከጅቡቲ የሚመጣውን ባቡር ጡሩምባ ያዳምጣል፤ «ዘገየ» ይላል ወይ «ዛሬ በሰዓቱ ነው»። የሚናገረው ለማንም አልነበረም።

ፍሬው ደግሞ ለዓመቱ በሙሉ የሚበቃ ነገር ነበር። አበባው ካለፈ በኋላ እንደ ባቄላ እሸት ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል፤ መጀመሪያ አረንጓዴና ለስላሳ ነው፣ እየቆየ ጠቁሮ እንጨት ይሆናል፤ ርዝመቱ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በጋው ሲገባ ነፋስ በነካው ቁጥር ዘሩ ውስጡ ይንኳኳል። ወንዶቹ ሰይፍ እናደርገዋለን። በልደት ሰሞን ከበሮ ያጣ ልጅ ፍሬውን እያራገፈ ለዘፈን ይመታል። ስንጨርስ ደግሞ ለእናታችን ይሄዳል፤ የደረቀው ቅርፊት በደንብ ስለሚነድ የቡና ከሰል ለማቀጣጠል እሱን የሚያህል አልነበረም። እናቴ ከምድጃዋ አጠገብ በማዳበሪያ ከረጢት አጭቃ ታስቀምጠው ነበር። ጎረቤት «እስቲ ጥቂት የዛፉን ፍሬ» ብሎ ልጅ ይልካል።

ሰኔ የፈተና ወር ነው። ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ሚኒስትሪ የተባለውን ፈተና የወሰድነው አበባው ሲረግፍ ነው። ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሰን፣ እስክርቢቶና ላጲስ ይዘን፣ ቀዩን እየረገጥን መሄዳችን ትዝ ይለኛል፤ የፈተናው ጥያቄ ግን አንዱም ትዝ አይለኝም። ብዙ ቆይቼ ይህ የእኛ ብቻ አለመሆኑን አወቅሁ። ቬትናም ውስጥ ሃይፎንግ የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ ሕዝቡ የቀዩ አበባ ከተማ ይላታል፤ አበባው ያው የእኛው ነው። እዚያም የሚያብበው የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ስለሆነ የተማሪዎች አበባ ይባላል፤ ልጆቹ ሲለያዩ በደብተራቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። እኔም አንድ የስምንተኛ ክፍል ደብተር አለኝ፤ መሐሉ ላይ ቡናማ የሆነች ሙሽራ አለች። ሃይፎንግ ሄጄ አላውቅም፤ የከተማዋን ልጆች ግን የማውቃቸው ይመስለኛል።

ሰዉ ቀስ በቀስ ከባቡሩ ጋር ተበተነ። አሮጌው ባቡር እየደከመ ሄዶ ቆመ። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ከዚራን አያቋርጥም። አባቴ ከዚያ በፊት ጡረታ ወጥቶ ነበር። የጓደኞቹ ልጆች አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ፣ አውሮፓ፣ አሜሪካ ገቡ።

ታላቅ እህቴ ቶሮንቶ ናት። ስትሄድ ከዛፋችን ሥር የለቀመቻቸውን ዘሮች በመሐረብ ቋጥራ ነበር የወሰደችው። የዚህ ዛፍ ዘር ድንጋይ ነው፤ ዝም ብሎ አፈር ቢያገኝ ወራት ሊተኛ ይችላል። እሷ የእናታችንን ዘዴ አልረሳችም። ሻካራ ነገር ላይ ጎኑን ትንሽ ፋቀችው፣ ሙቅ ውኃ አፈሰሰችበት፣ አሳደረችው፣ አብጦ ሲያድር ተከለችው። በቀለ። በትልቅ ማሰሮ ሳሎኗ ውስጥ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀመጠችው። ቅጠሉ ያምራል፤ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃታል። ጣሪያው እንዳይከለክለው በየጸደዩ ጫፉን ትቆርጠዋለች፤ ክረምታቸው ሲገባ ብርሃኑ ስለሚያንሰው ቅጠሉን ይጥልና እንጨት ብቻ ይሆናል፣ ቀኑ ሲረዝም መልሶ ያቆጠቁጣል። ግንዱ እንደ ክንድ ወፍሯል፤ ቁመቱ ግን ከእሷ ብዙም አይበልጥም።

ስልክ ስንደዋወል ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ።

«እትዬ፣ አበበ እንዴ?»

«ኧረ የት! ቅጠል ብቻ ነው። ግን ደኅና ነው፤ ዛሬ ውኃ አጠጣሁት።»

አያብብም። የዛፉ ሥር ሜዳ ይፈልጋል፣ ራሱም ሙሉ ቀን ፀሐይ ይፈልጋል፤ ማሰሮ ውስጥ፣ በመስታወት ጀርባ ያደገ የድሬዳዋ ዛፍ አበባ ሲያወጣ እምብዛም አይታይም። እህቴ ይህን ታውቃለች። ልጆቿ ግን የእናታቸውን አገር ዛፍ በቅጠሉ ያውቁታል። አንድ ዓመት በሰኔ መጥተው ከዚራ ላይ ሲያዩት ትንሿ ልጅ ግንዱን ነካ አድርጋ «የእኛው ነው?» አለች። እህቴ መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደባት።

የእኛ ግቢ ዛፍ ዛሬ የለም። ቤቱ ወደ ሌላ ሰው ከዞረ በኋላ ተቆረጠ። ሥሩ አጥሩን ሰንጥቆ፣ የውኃ ቱቦውን አንሥቶ ነበር፤ በአንድ ኃይለኛ ነፋስም ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወደቀ። ቆራጮቹ ላይ አልፈርድም። የዚህ ዛፍ ጉዳቱ እውነት ነው፤ ሥሩ ወደ ታች ከመስመጥ ይልቅ በመሬቱ ገጽ ይሄዳል፣ እንጨቱም ተሰባሪ ነው። ዕድሜውም የዋርካ ዕድሜ አይደለም። አንድ ትውልድ የተከለውን ቀጣዩ ትውልድ ሲያረጅ ያየዋል። ስለዚህ ዛፉ በከተማው እንዲኖር ከተፈለገ በየትውልዱ የሚተክለው ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። የእኛ አባቶች የተከሉትን፣ ከእነሱም በፊት የተተከለውን ጥላ ጠጥተን ጨረስን። የወደቀው ሲነሣ በቦታው የሚገባው ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ነው። ኮብልስቶኑ እስከ ግንዱ ድረስ ይነጠፋል፤ ለውኃ መስረጊያ የሚሆን ክብ አፈር እንኳን አይተዉለትም። ከዚያ ዛፉ ሲደርቅ «አርጅቶ ነው» ይባላል።

አሁን ሰው የሚመርጠው ኒምን ነው። ለኒም ክፉ ቃል የለኝም። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ እንጨቱ ለጥርስ መፋቂያ፣ ቅጠሉ ለተባይ መከላከያ ይውላል። ለድሬዳዋ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ከተማው በሙሉ ኒም ቢሆን ግንቦትን ከኅዳር የሚለይ ነገር አይኖረንም። ሰው ሙቀቱን የሚችለው አንድ የሚጠብቀው ነገር ሲኖረው ጭምር ነው፤ እኛ በጣም በሚከብደው ወር ቀና ብለን የምናየው ነገር ነበረን።

ይህን ስል ዛፍ ሁሉን ያድናል እያልኩ አይደለም። በሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.፣ ደቻቱ ሞልቶ ከተማችን ላይ የሆነውን ማንም አይረሳም። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ያን ሌሊት ዝናቡ ከላይ፣ ደጋው ላይ ወረደ፤ ጎርፉ የተኛ ሰው ላይ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ለቅሶ ለመድረስ ስመጣ ከወንዙ ዳር ያሉ የማውቃቸው ቤቶች ቦታቸው ጠፍቶብኝ ነበር። ደጋውን የሚይዘው፣ ጎርፉን የሚያዘገየው ተራራው ላይ የሚተከለው አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ጽድ ነው፣ ወይራ ነው፣ ግራር ነው። የአበባ ዛፍ የዚያን ሥራ አይሠራም። የእሱ ሥራ ከተማው ውስጥ ነው፤ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው፣ ቤቱን ያጣውም ያላጣውም፣ ቁጭ ብሎ የሚተዛዘንበት ጥላ መስጠት ነው። ያን ሰሞን የለቅሶ ድንኳን ያልበቃቸው ሰዎች ሰሌናቸውን ይዘው የተቀመጡት በእነዚሁ ዛፎች ሥር ነበር።

ስለዚህ ድሬዳዋ ለምትኖሩ፣ ለልጅነታችሁም ስትሉ ለምትመለሱ አንድ ልመና አለኝ። በጋ ላይ ከዚራ ስታልፉ የወደቀ ፍሬ አንሡ፤ አንዱ ፍሬ ውስጥ ብዙ ዘር አለ፣ ዋጋም አይጠየቅበትም። የዘሩን ጎን በድንጋይ ፋቅ አድርጉ፣ ሙቅ ውኃ አፍስሱበትና አሳድሩት፣ በላስቲክ ዝሩት። ችግኙ ጉልበት ሲደርስ በሐምሌ ዝናብ አውጡት። ከአጥሩ፣ ከቤቱና ከውኃ ቱቦው ቢያንስ 6 ሜትር አርቁት፤ የእኛን ዛፍ ያስቆረጠው ይህ ርቀት መጥፋቱ ነው። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ግቢ አትትከሉት፤ በትምህርት ቤት፣ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመንገድ ዳር ሰፊ ቦታ ፈልጉለት፣ የሚመለከተውንም ሰው አስፈቅዱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ አትንፈጉት፣ ከፍየል አጥሩት። አበባ ለማየት ከአምስት ዓመት በላይ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ጥላው ግን ከዚያ በፊት ይደርሳል፤ ጥላው ሲደርስ አንድ ጆግ ውኃ በሩ ላይ አኑሩ።